ከቅቤ የተገኘው አሲድና የደም ካንሰር ሕክምና ፍለጋ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከተማ ገበያ፣ ቅቤ ሻጭና ቅቤ ገዥ ከዋጋው በፊት የሚግባቡት በሽታው ነው። ገዥዋ በኮባ ቅጠል ከተጠቀለለው ቅቤ ጥቂት ቆንጥራ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፤ ለጋ፣ መካከለኛ ወይም በሳል መሆኑንም ወዲያውኑ ትለያለች። በመስከረም ወር ለሚከበረው የግፋታ በዓል ዓመቱን ሙሉ በቅቤ እቁብ የሚያጠራቅሙ የወላይታ እናቶች በዚህ ዕውቀት የሚስተካከላቸው የለም።

ቅቤ እየቆየ ሲሄድ የሚያመጣው ያ ጠንካራ ሽታ በአብዛኛው የሚመነጨው ቡቲሪክ አሲድ ከተባለ ውህድ ነው። ስሙም የተወሰደው ቅቤ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ውህዱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ከቅቤ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ነው።

ይህ በገበያና በማጀት የሚታወቅ ውህድ ከ50 ዓመታት ወዲህ ሌላ ታሪክ አለው። እርሱና ከእርሱ ተለውጠው የተሠሩ ተዋጽኦዎቹ የደም ካንሰርን ወይም ሉኪሚያን ለማከም ይረዱ እንደሆነ በልዩ ልዩ አገሮች ሲመረመሩ ቆይተዋል። የምርምሩ ሂደት ምን አስገኘ፣ ምንስ ሳያስገኝ ቀረ የሚለውን ማወቅ ለጤና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። «ከቅቤ የተገኘ አሲድ የካንሰር ሕዋሳትን ለወጠ» የሚል አጭር ዜና ከላቦራቶሪ ወጥቶ ቀበሌ እስኪደርስ ድረስ «ቅቤ ካንሰርን ያድናል» ወደሚል አባባል ሊለወጥ ይችላልና። በዚህ አባባል ተማምኖ ሕክምናውን የሚያዘገይ ቤተሰብ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ የሰው ሕይወት ነው።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የበሽታውን ምንነት ማየት ይጠቅማል። የደም ሕዋሳት የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በጤናማ ሰው መቅኔ ውስጥ ለጋ ሕዋሳት ደረጃ በደረጃ ይጎለምሳሉ፤ ከፊሎቹ ኦክስጅን የሚያጓጉዙ ቀይ ሕዋሳት፣ ከፊሎቹ ተህዋስያንን የሚከላከሉ ነጭ ሕዋሳት፣ ከፊሎቹም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሌትሌቶች ይሆናሉ። በሉኪሚያ የተያዘ ሰው ላይ ግን ነጭ ሕዋሳትን ማፍራት የነበረባቸው ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ይራባሉ። በተለይ አጣዳፊ በሚባሉት ዓይነቶች ሕዋሳቱ ሳይጎለምሱ በለጋነታቸው ተገትተው ይባዛሉ፤ መቅኔውንም ያጣብባሉ።

ከዚህም የተነሳ ሕመምተኛው ቀይ ሕዋስ ሲያንሰው ይገረጣል፣ ይደክማል። ብቁ ነጭ ሕዋስ ሲያጣ ትኩሳትና ኢንፌክሽን ይደጋገሙበታል። ፕሌትሌት ሲያንሰው ደግሞ ድዱና አፍንጫው ይደማሉ፤ ቆዳው ያለምክንያት ይበልዛል። በሽታው በጥቅሉ አጣዳፊና ሥር የሰደደ፣ እንዲሁም እንደ ሕዋሱ ዘር ማየሎይድና ሊምፎይድ ተብሎ በአራት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። የእያንዳንዱ ሕክምናና የመዳን ተስፋም ይለያያል።

ለብዙ ዓመታት የሕክምናው ዋና ሐሳብ የታመሙትን ሕዋሳት መግደል ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 አሚኖፕተሪን በተባለ መድኃኒት ሕፃናት ላይ ለአጭር ጊዜ የቆየ መሻሻል ማግኘቱን ካሳወቀ በኋላ የኬሞቴራፒ ዘመን ተከፈተ። ይሁንና ኬሞቴራፒ የታመመውን ብቻ ሳይሆን ጤናማውንም ሕዋስ ስለሚጎዳ፣ ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ ማንሳታቸው አልቀረም። በለጋነቱ የተገታውን ሕዋስ ከመግደል ይልቅ እንዲጎለምስ ማድረግ ይቻል ይሆን የሚል ነበር ጥያቄው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሻርሎት ፍሬንድ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በላቦራቶሪ የሚያድጉ የአይጥ የደም ካንሰር ሕዋሳት በአንድ የኬሚካል ውህድ አማካይነት ወደ መጎልመስ እንደሚመለሱ አሳዩ። በ1975 ደግሞ አያ ሌደርና ፊሊፕ ሌደር ቡቲሪክ አሲድ ይህንኑ ሥራ በእጅጉ ባነሰ መጠን እንደሚያከናውን አስታወቁ። ሕዋሳቱ ጤናማ ቀይ ሕዋስ እንደሚያደርገው ሁሉ ሄሞግሎቢን ማምረት ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ሌሎች ተመራማሪዎች አሲዱ በሕዋሱ ውስጥ የሚነካው ቦታ የት እንደሆነ የሚያመለክት ውጤት አገኙ።

አሠራሩን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት መስሎ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው የዲ ኤን ኤ ክር ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ይህ ክር በጥቃቅን ቦታ ሊታጨቅ የሚችለው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ስለሚጠመጠም ነው። ጥምጥሙ ሲላላ በዚያ ሥፍራ ያለው የዘር መመሪያ ይነበባል፤ ሲጠብቅ ግን ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ እያለ እንደተቆለፈበት ሁሉ መመሪያው ሳይነበብ ይቀራል።

ጥምጥሙን ከሚያጠብቁት ኢንዛይሞች አንደኛው ወገን ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ ይባላል። በሉኪሚያ ሕዋስ ውስጥ «ጎልምስ» ወይም «ጊዜህ አብቅቷልና ሙት» የሚሉ መመሪያዎች በብዙ አጋጣሚዎች አልጠፉም፤ የተቆለፈባቸው ናቸው። ቡቲሪክ አሲድ ይህን ቆላፊ ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። ፋይሉ ሲከፈት መመሪያው ይነበባል፤ ሕዋሱም ይጎለምሳል ወይም ይሞታል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የታየው ውጤት ይህ ነው፤ ውጤቱም እውነተኛና በብዙ ቤተ ሙከራዎች የተረጋገጠ ነው።

አስቸጋሪው ምዕራፍ የጀመረው ውህዱ ከሳህን ወደ ሰው አካል ሲሸጋገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ አጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ የነበረበት አንድ ሕፃን ሶዲየም ቡቲሬት በደም ሥር ተሰጥቶት በከፊል መሻሻሉ ተገልጿል። ዜናው ተስፋ ሰጪ ነበር። በ1987 የታተመ ሌላ ጥናት ግን መድኃኒቱ በሕሙማን ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ሲለካ፣ ግማሹ በ6 ደቂቃ ገደማ ውስጥ እንደሚወገድ አረጋገጠ። በሳህን ላይ ሕዋሳትን ለመለወጥ የሚያስፈልገው መጠን ለሰዓታትና ለቀናት መቆየት ሲኖርበት፣ በሰው ደም ውስጥ የተገኘው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰና ወዲያው የሚጠፋ ሆነ።

የተዋጽኦዎቹ ፍለጋ የተጠናከረው በዚህ ምክንያት ነው። ዓላማው የአሲዱን ጠባይ ሳይለቅ በአካል ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ውህድ ማግኘት ነበር። ሦስት የቡቲሪክ አሲድ ቅንጣቶች ከግሊሰሮል ጋር ተጣምረው የሚገኙበት ትሪቡቲሪን፣ አርጂኒን ቡቲሬት፣ ፌኒልቡቲሬት እንዲሁም ቡቲሪክ አሲድን ወደ ሕዋሱ ተሸክመው ገብተው ውስጥ የሚለቁ ውህዶች በየተራ ተሞከሩ።

ከእነዚህ መካከል ፌኒልቡቲሬት ለየት ያለ ዕድል ነበረው። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የጸደቀው ለካንሰር ሳይሆን አሞኒያ በደም ውስጥ ለሚከማችበት በውርስ ለሚተላለፍ ሕመም ነበር። በ1998 ሕመሙ የተመላለሰባት አንዲት የ13 ዓመት ታዳጊ ከቫይታሚን ኤ ዘር ከሆነው ሬቲኖይክ አሲድ ጋር ተዳምሮ ተሰጥቷት ሉኪሚያው ከመቅኔዋ መጥፋቱ ተዘገበ። ይሁን እንጂ መሻሻሉ ከወራት ያለፈ ዕድሜ አልነበረውም፤ በተከታይ ሕሙማን ላይም ያው ውጤት በአስተማማኝ ሁኔታ አልተደገመም። ፌኒልቡቲሬት በየቀኑ በብዙ ግራም የሚለካ መጠን የሚጠይቅ መሆኑም ሌላ እንቅፋት ሆነ።

ለአገራችን አንባቢ ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ቫልፕሮይክ አሲድ ነው። ይህ መድኃኒት ለሚጥል በሽታ በኢትዮጵያም ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1882 የተሠራ ሲሆን፣ የሚጥል በሽታን የመከላከል ኃይሉ የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ በአጋጣሚ ነው። ሂስቶን ዲአሴቲሌዝን እንደሚያግድ የተደረሰበት ደግሞ በ2001 ነበር። ርካሽ፣ በአፍ የሚወሰድና በአካል ውስጥ ለሰዓታት የሚቆይ በመሆኑ ለሉኪሚያ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር።

ተስፋው ግን በንጽጽር ሙከራ ሲመዘን ሳይሳካ ቀረ። በጀርመን በ200 አረጋውያን ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2020 ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ ዴሲታቢን በተባለው መድኃኒት ላይ ቫልፕሮይክ አሲድ መጨመር የሕሙማኑን ዕድሜ አላራዘመም። በአንጻሩ በዚያው ጥናት የተመረመረው ሬቲኖይክ አሲድ ጥቅም ማሳየቱ ተመዝግቧል። ቫልፕሮይክ አሲድ በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ በጽንስ ላይ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ሊያስከትል እንደሚችል የታወቀ በመሆኑ፣ ያለሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት አለመሆኑንም ማስገንዘብ ያሻል።

እንግዲህ የ50 ዓመቱ ጥረት ፍሬ አልባ ነበር ማለት አይደለም። ቡቲሪክ አሲድ ያመላከተውን መንገድ የተከተሉ፣ ከእርሱ እጅግ የበረቱ የሂስቶን ዲአሴቲሌዝ አጋጆች ተሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቮሪኖስታት በ2006 በአሜሪካ ለአንድ የቆዳ ሊምፎማ ዓይነት ጸድቋል። ሕዋሱን ከመግደል ይልቅ ማጎልመስ ይቻላል የሚለው ሐሳብም በሌላ በኩል ተሳክቷል። በቻይና ሻንግሃይ እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤታቸውን ያሳተሙት ተመራማሪዎች አጣዳፊ ፕሮማየሎሲቲክ ሉኪሚያን በሬቲኖይክ አሲድ ማከም ጀመሩ፤ ያ በፍጥነት ይገድል የነበረ ሕመም ዛሬ ይበልጥ ከሚድኑት ሉኪሚያዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። የቡቲሪክ አሲድ ተዋጽኦዎች ራሳቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለሉኪሚያ መደበኛ ሕክምና ሆነው አልጸደቁም።

ታዲያ ቅቤ መብላት ከዚህ በሽታ ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አያድንም ነው። በቅቤ ስብ ውስጥ ያለው ቡቲሪክ አሲድ ከ100 እጅ 3 ወይም 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን በአንጀት ግድግዳና በጉበት በፍጥነት ስለሚቃጠል በደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን መቅኔ ውስጥ ያለን የካንሰር ሕዋስ የሚለውጥ አይሆንም። በቀጥታ በደም ሥር የተሰጠው እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠፋ፣ በምግብ የሚገባው ምን ያህል እንደሚደርስ ለመገመት አያዳግትም።

ይህ ማለት አሲዱ ለጤና ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። በወላይታ በስፋት የሚመገቡት ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ጎመንና የእንሰት ውጤቶች የያዙት አሰር በትልቁ አንጀት ውስጥ በባክቴሪያዎች ሲብላላ ቡቲሪክ አሲድ ይፈጠራል። ይህም የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና የኃይል ምንጭ ነው። ቆጮ ሲብላላ አንዳንድ ጊዜ የሚሰማው ጠንካራ ሽታም ከዚሁ አሲድ ጋር የተያያዘ ነው። ለአንጀት ጤና የሚጠቅም ምግብ ግን ለደም ካንሰር መድኃኒት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እንዲያውም በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሕመምተኛ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም፣ ካልፈላ ወተትና ካልተነጠረ ቅቤ ሊተላለፍ ከሚችል ኢንፌክሽን መጠበቅ እንዳለበት ይመከራል።

በሌላ በኩል ሕመሙ ተስፋ የሌለው ነው የሚለው አመለካከትም እንደ ተሳሳተው ተስፋ ሁሉ ጎጂ ነው። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች አጣዳፊ ሊምፎይድ ሉኪሚያ ከያዛቸው 10 ሕፃናት መካከል ከ8 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ሥር የሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ ያለበት ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀው ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሥራውን እየሠራ መኖር ችሏል። ይህ መድኃኒት በዓለም አቀፍ የድጋፍ ፕሮግራም አማካይነት በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በኩል ለኢትዮጵያውያን ሕሙማን በነፃ ሲቀርብ ቆይቷል። ዕድሉን ለማግኘት ግን ሕመምተኛው በጊዜ መመርመር አለበት።

ለወላይታ ዞን የጤና መዋቅር ዋናው ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። በዞኑ ቆላማ አካባቢዎች ወባ የተለመደ በሽታ ነው። ትኩሳት፣ መገርጣት፣ የሰውነት መዛልና የጣፊያ ማበጥ የወባም የሉኪሚያም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በመሆኑም ትኩሳት ያለበት ልጅ በቅድሚያ የወባ ምርመራ ማግኘቱ ትክክል ነው። የወባ ምርመራው ነፃ ሆኖ ሳለ ትኩሳቱ ሲመላለስ፣ ወይም ታክሞ እያለ መገርጣቱ ሲብስ፣ ድድና አፍንጫ ሲደማ፣ አጥንት ሲጠዘጥዝ፣ ንፍፊት ሲያብጥ ግን ሌላ የወባ መድኃኒት ከመድገም ይልቅ ሙሉ የደም ቆጠራና የደም ስሚር ምርመራ ወደሚደረግበት ተቋም መላክ ተገቢ ይሆናል። እነዚህ ምርመራዎች ውስብስብ አይደሉም፤ ነገር ግን ማዘዝ ያለበት ሰው በሽታውን ማሰብ ይኖርበታል።

የሪፈራል ሰንሰለቱ ከጤና ኬላ ይጀምራል፤ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አልፎ በቀድሞ ስሙ ኦቶና ተብሎ እስከሚታወቀው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይደርሳል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ተወስኖ ከቆየ በኋላ፣ በሐዋሳ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በሌሎች የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እየተስፋፋ መጥቷል። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ለወራት ለሚመላለስ ቤተሰብ የመጓጓዣውና የማረፊያው ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ ያላነሰ ሸክም ነው።

በዚህ ረገድ የመንግሥት ሠራተኛውና ኃላፊው ድርሻ ከሚታሰበው በላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በወቅቱ እንዲታደስ ማድረግ፣ የሪፈራል ወረቀት በአንድ ፊርማ እጦት ቀናት እንዳይፈጅ መከታተል፣ በመሥሪያ ቤቶች የደም ልገሳ መርሐ ግብር ማዘጋጀት ሁሉም የሉኪሚያ ሕክምና አካላት ናቸው። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሕፃን ደምና ፕሌትሌት በተከታታይ ያስፈልገዋልና፣ ያለ በቂ ደም ምርጡም መድኃኒት ሥራውን አይሠራም።

ሌላው ኃላፊነት ከመረጃ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ የካንሰር መድኃኒት ተገኘ የሚል ወሬ ወይም የትብብር ጥያቄ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ፣ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይጠቅማል። የተሞከረው በምን ላይ ነው፣ በሕዋስ፣ በእንስሳ ወይስ በሰው? በሰው ላይ ከሆነ፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር ተነጻጽሯል ወይ? ፈቃድስ የሰጠው ማነው? የቡቲሪክ አሲድ ታሪክ እንደሚያሳየው የመጀመሪያውን ጥያቄ በድል ያለፈ ውህድ በሁለተኛው ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛውን ጥያቄ በተመለከተ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በአገራችን በሰው ላይ የሚካሄድ የመድኃኒት ሙከራ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማና የሕመምተኛው በእውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃደኝነትም የግድ ናቸው። ይህ አሠራር ምርምርን ለማዘግየት ሳይሆን፣ በተስፋ የሚመጣን ሕመምተኛ ከጉዳት ለመጠበቅ የቆመ ነው።

አካባቢው ለምርምር የሚሆን መሠረትም አያጣም። በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና በእንሰት ምርምሩ የሚታወቀው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ዞን ይገኛሉ። የቆጮንና የቅቤን መብላላት በሳይንሳዊ መንገድ መመርመር፣ የደም ካንሰር ሕሙማንን መረጃ በሥርዓት መመዝገብና ማደራጀት ውድ መሣሪያ ሳይጠብቁ ሊጀመሩ የሚችሉ ተግባራት ናቸው። ስንት ሰው እንደታመመ፣ መቼ እንደተመረመረና የት እንደደረሰ በሚገባ የተመዘገበበት ዞን በጀት ሲጠይቅም ሆነ ባለሙያ ሲመድብ በግምት አይመራም።

በጥቅሉ ሲታይ፣ ከቅቤ የተገኘው አሲድ ለሳይንስ የተቆለፈው መዝገብ ሊከፈት እንደሚችል አስተምሯል፤ ለሕመምተኛው ግን ገና መድኃኒት ሆኖ አልደረሰም። ለግፋታ የተጠራቀመው ቅቤ በማዕዱ ላይ ያለው ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ትኩሳቱ የተመላለሰበትና ድዱ የሚደማ ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ማድረግ የወላጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የየደረጃው ኃላፊ የጋራ ግዴታ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።